አንድ ስንዝር

«እኔ እሳቸውን ጠልቼ አይደለም፤ ሽታውን ነው ያልቻልኩት» አለ የጋሽ መዝገብ አማች፣ የልጃቸው ባል፣ ከማእድ ቤት ውስጥ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ በሞተር ጩኸት ላይ ማውራት የለመደ ሰው ግን ሹክሹክታው ራሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጋሽ መዝገብ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄዱ ነበር፤ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል» አለች ልጃቸው።

«ገና አልተነሱም። አንቺ ቀኑን ሙሉ ስታስተምሪ ነው የምትውይው። የማታ ፈረቃ ስሆን እዚህ የምውለው እኔ ነኝ። የክፍላቸው በር ሲከፈት ኮሪደሩ ይታፈናል። ሰው ሲያረጅ ያለ ነገር ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን አባትሽ ናቸውና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? አባዬ ትሸታለህ ብዬ? ምላሴ ይቆረጥ!»

«እንግዲያው ለወንድምሽ ደውዪለት። ክረምቱ እስኪያልፍ እሱ ጋ ይቆዩ።»

ልጃቸው ሻይዋን አማሰለች። የሻይ ማንኪያዋ ብርጭቆውን ስትመታ፣ ስትመታ ቆየች። ጋሽ መዝገብ በኮሪደሩ ጨለማ ውስጥ «እምቢ» የምትለውን ቃል እንደ ደመወዝ ቀን ጠበቋት። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ማታ ከሥራ ስገባ እደውልለታለሁ።»

ጋሽ መዝገብ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወደ ክፍላቸው ተመለሱና የተኙ መሰሉ። ሁለቱም ማልደው ወጥተው የውጭው በር እስኪዘጋ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ልጃቸው እንደ ወትሮዋ በሩን በስሱ ገፋ አድርጋ «ሻይህ ቴርሞስ ውስጥ ነው አባዬ» ብላ ነበር። ድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም። እሱ ነው የባሰባቸው። መቼ ነው እንዲህ ያለ ውሸት የለመደችው? ለነገሩ ከማን ትማረው፤ እሳቸውስ ተኝቻለሁ ብለው ዋሽተው የለ? ያ ቤት ሲፈጥረው የይሉኝታ ቤት ነው። ማንም ማንንም አያስቀይምም፤ ሁሉም ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል።

ወንዱ ልጃቸው የሚኖረው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሚስቱም ክፉ አይደለችም። አምና ሁለት ሳምንት እዚያ ሰንብተዋል። ሊፍቱ በሳምንት ሦስት ቀን ይበላሻል፤ እሳቸውም በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከታች የሚያልፉትን ነጫጭ መኪናዎች ሲቆጥሩ ይውላሉ። አንድ ቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። እዚህ ግን ሱቁ አለ፣ ፀጉር አስተካካዩ አለ፣ በአርባ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራቸው የሚያውቃቸውና «ጋሽ መዝገብ» ብሎ ከመንገድ ማዶ የሚጠራቸው ሰው አለ። እዚያ ስማቸው «የሰባተኛ ፎቁ ሽማግሌ» ነው። ካሁን ወዲያ እዚያ መሄድ ማለት ለክረምት እንዳልሆነ ያውቁታል። የአዛውንት ሻንጣ አንዴ ከወጣ የመመለሻ ትኬት አይቆረጥለትም። እንግዲህ ልጃቸው ማታ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት ሽታው ከላያቸው መጥፋት አለበት።

ልብሳቸውን አውልቀው ራሳቸውን ፈተሹ። ብብታቸውን አሸተቱ፤ ምንም። ሸሚዛቸውን ገልብጠው፣ ካልሲያቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ ትራሳቸውን ሳይቀር አሸተቱ። ምንም የለም። ያ ክፍል እንዲያውም ለእሳቸው ደስ የሚል ክፍል ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አየሩ የሚያውቁት፣ የሚያረጋጋ ነገር ሆኖላቸው እንደ ሕፃን ነው የሚተኙት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ከጆሮ የተሻለ ዘመድ አይደለም ለካ ብለው አዘኑ። በቀዝቃዛው ውሃ ቆዳቸው እስኪቀላ ታጠቡ። ቢሆንም አላመኑም።

ሱቅ ሄደው ከመደርደሪያው ላይ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለውን ሳሙና አስወረዱ። የተራውን ሳሙና አራት እጥፍ ነው ዋጋው። ባለሱቋ ሳሙናውን እያቀበለቻቸው «ጋሼ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለች። «ማን ታገባኝ ብለሽ» አሉና ሳቁ፤ ጥርሳቸው ብቻ ነው የሳቀው። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው ነበር የቆሙት፤ ሒሳቡንም እጃቸውን ዘርግተው ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀመጡላት። ቀጥለው ከአደባባዩ ማዶ ያለው ሻወር ቤት ሄዱ። እዚያ አንድ ሰው የሚፈቀድለት ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሲሞላ ተቆጣጣሪዋ በሩን በቁልፍ ታንኳኳለች። ጋሽ መዝገብ አንዴ ተንኳኳባቸው፤ «የሁለት ሰው እከፍላለሁ» አሉ ከውስጥ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲንኳኳ «አባት፣ ደህና ነዎት?» የሚል የሠጋ ድምፅ ተከተለው። ጣቶቻቸው ተጨማደው፣ ከጆሯቸው ጀርባ ያለው ቆዳ ተላልጦ ወጡ። በፌስታል ይዘውት የመጡትን ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፤ በላዩም ግራጫ ጃኬታቸውን ደረቡ።

በአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ትንሽ አረፍ ለማለት ሲቀመጡ አጠገባቸው የነበረች ሴት ፈቀቅ አለች። ልባቸው ተሰበረ። ወዲያው ተነስተው ሄዱ። ሴትዮዋ ግን ቅርጫቷን አንስታ ቦታ ስትለቅላቸው ነበር፤ «ምነው ይቀመጡ እንጂ!» ብላ ከኋላ ስትጠራቸው አልሰሟትም።

ያመሩት ወደ ምላጭ ነው። ምላጭ ጋሽ መዝገብ ይሠሩበት ከነበረው የማዘጋጃ ቤት ግቢ ፊት ለፊት፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ባላት ጠባብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፀጉርና ጢም ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከሥራው ሳይሆን ከምላሱ ነው ይላሉ። ይሉኝታ ሲታደል ቤቱ ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ለዚህ ለዛሬው ጥያቄ ከእሱ የተሻለ ሰው በከተማው የለም። ጋሽ መዝገብ ጃኬታቸውን ማንጠልጠያው ላይ ሰቅለው ተቀመጡ። ግራ ጉንጫቸው ተላጭቶ ቀኙ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ድንገት እጁን ያዙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ነው የምፈልገው። እሸታለሁ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ኧረ ምን በወጣህ!» ብሎ ያልፋቸው ነበር። ምላጭ ጎንበስ ብሎ አንገታቸውን አሸተተ። ከጆሯቸው ኋላ አሸተተ። አናታቸውን እንደ ሐብሐብ በሁለት እጁ ይዞ አሸተተ። «አንተማ ሳሙና ሳሙና ነው የምትለው። ምን አስፈራህ፣ ፋብሪካው ውስጥ ወድቀህ ነው?» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አፍንጫውን ወደ ማንጠልጠያው መለሰና ጃኬቱን ይዞ መጣ። «የሚሸተውስ ይሄ ነው።»

«ምን ምን ይላል?»

«መዝገብ ቤት መዝገብ ቤት። በምሳ ሰዓት ስትመጡ ሁላችሁም እንደዚህ ነበራችሁ። ጡረታ የወጣህ መስሎኝ?»

ጋሽ መዝገብ ጃኬቱን ነጥቀው ፊታቸውን ቀበሩበት። ከክፍላቸው ወጥተው፣ ነፋስ ጠጥተው፣ ሁለት ጊዜ ታጥበው ስለነበር አሁን አፍንጫቸው ሠራ። እውነት ነው። የመዝገብ ቤቱ ምድር ቤት፣ የራሰው ወረቀት፣ በክረምት ከጥግ የሚነሳው ያ ከባድ አየር፣ አርባ ዓመት የተነፈሱት ነገር ሁሉ እዚያ ነበር። በሌሊት እንደ ሕፃን ያስተኛቸው እሱ ነው ለካ! ጃኬቱ ግን ከተገዛ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መዝገብ ቤት ደጃፍ እንኳ አልደረሰም። የዋለውም ያደረውም ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ጋሽ መዝገብ ከወንበሩ ተነሱ።

«ሻጋታ!» አሉ።

«ማንን ነው የምትሰድበው?» አለ ምላጭ። እሳቸው ግን አረፋቸውን በጃኬቱ እጅጌ እየጠረጉ በሩን አልፈው ነበር። «ግማሽ ጢም ይዘህ የት ነው?» የሚለው ጩኸት ኩርባው ድረስ ተከተላቸው። ሰው አይቶ ሳቀ፤ ይሳቅ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እየታከኩ ሄዱ።

ቁምሳጥኑ የሟች ሚስታቸው ነው፤ ወፍራም ጥቁር እንጨት፣ ለአራት ሰው የሚከብድ። ልብሱን ሁሉ አውጥተው የልጃቸው አልጋ ላይ ከመሩት። ባዶውን ቢገፉት አልነቃነቅ አለ። ቆም ብለው አሰቡና የዚያን የውዱን ሳሙና ትራፊ ከፌስታሉ አወጡ። በቁምሳጥኑ እግሮች ፊት ወለሉን በደንብ አድርገው ሳሙና ቀቡት፤ ጀርባቸውን ከጎኑ አስደግፈው በሁለት እግራቸው የጎኑን ግድግዳ እየገፉ ሲታገሉ ቁምሳጥኑ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ተንሸራተተ። ዞረው አዩ። ከወለሉ እስከ ደረታቸው ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል። መሃሉ እንደ ጥላሸት፣ ዳርዳሩ አረንጓዴ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ፀጉር አብቅሏል። የቁምሳጥኑ ስስ የጀርባ ጣውላም እንደዚያው። ሽታው ፊታቸውን መታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይሸሽ ነበር፤ ጋሽ መዝገብ ግን ወለሉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና ብቻቸውን ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አልቆመም፤ እንባ ጨመረበት። «እኔ አይደለሁም» አሉ ጮክ ብለው ለባዶው ቤት። «እኔ አይደለሁም እኮ!»

ሳቁ ሲበርድ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መመርመራቸው አልቀረም፤ የመዝገብ ሰው ያለ መነሻና ያለ ማስረጃ ፋይል አይዘጋም። መዝገብ ቤት ሲገቡ አለቃቸው በመጀመሪያው ቀን ያስተማራቸው አንድ ነገር ነበር፤ መደርደሪያ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ። ግድግዳ በክረምት ያልበዋል፤ አየር ካላገኘ ሻጋታ ያወጣል። አርባ ዓመት በሙሉ በእያንዳንዱ መደርደሪያ ጀርባ እጃቸውን እየዘረጉ ሲለኩ፣ ስንዝር ያልሞላበትን ሠራተኛ ሲቆጡ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቃቸው ወደዚህ ቤት ሲገባ ግን ተሸካሚዎቹን «ግፉት፣ ግድግዳው ጋ አጣብቁት!» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የልጃቸው የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ እዚያው ነው የሚቆመው። ሰው ቤት ገብቶ ቦታ ማጣበብ አልሆነላቸውም። ክረምት ሲገባም የታጠበው ልብስ ሁሉ የሚሰጣበት ሲጠፋ «እኔ ክፍል ገመድ ወጥሩ፣ ምን ይቸግረኛል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በበኩሏ ብርድ እንዳይመታቸው የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋላቸዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የራሰ ልብስ፣ የታሸገ መስኮት፣ ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁምሳጥን፤ ሻጋታ ከዚህ በላይ ምን ግብዣ ይፈልጋል? ደግሞ ሁሉም የሆነው በፍቅር ነው፤ ቢከሰስ እንኳ ተከሳሽ የማይገኝለት ጉዳይ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ፕላስተሩን ልጠው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት። በሩን ዘግተው ከታች በጨርቅ ወተፉት፤ የሻጋታ ዱቄት ወደ ሌላው ክፍል እንዳይሄድ። አፍና አፍንጫቸውን በመሐረብ አሰሩ። ሻጋታ በደረቁ አይጠረግም፣ ይበናል፤ ይህን የማያውቅ ስንት ባለ መጥረጊያ ሳል ይዞት እንደቀረ አይተዋል። በረኪናውን በውሃ አቅጥነው፣ ሌላ ምንም ሳይቀላቅሉበት፣ ጨርቁን እየነከሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ አራሱት፤ ጠጥቶ እስኪለቅ ጠብቀው ጠረጉት፤ የቁምሳጥኑንም ጀርባ እንዲሁ አደረጉ፤ ውሃውን ሰባት ጊዜ ቀየሩ። ከቁምሳጥኑ ሥር የነበረውን የካርቶን ሳጥን ውስጡን አውጥተው ካርቶኑን ወደ ቆሻሻ ላኩት። ወገባቸው «ተው» ሲላቸው አልሰሙትም። ግድግዳው ቀስ በቀስ ግራጫ፣ ከዚያም የቀለሙ ቅሪት ሆነ። አንድ ትሪ የምታክል ቦታ ብቻ በታችኛው ጥግ ሳይነኩ ተዉ። ማስረጃ ነች። ለሦስተኛ ጊዜ ታጠቡና ወንበራቸውን ከክፍሉ መሃል አድርገው መጠበቅ ጀመሩ።

ልጃቸው ቦርሳዋን ሳታወርድ ነው በሩ ላይ የደረቀችው። አልጋዋ ላይ የልብስ ተራራ አይታ መጥታለች፤ አሁን ደግሞ ከተከፈተ መስኮት ፊት ግማሽ ጢም ያላቸው አባቷ ተቀምጠዋል።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? ፊትህ ምን ሆኖ ነው? በዚህ ብርድ መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«ነይ እዪ» አሉ። ይዘዋት ሄደው ማስረጃቸውን አሳዩአት። ልጃቸው ጎንበስ ብላ አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በዚሁ ቅጽበት ከኋላቸው አማቻቸው ገባ፤ ቁልፉ ገና በእጁ ነበር። ወደ ጥቁሩ ጥግ ጎንበስ ብሎ አየሩን አንዴ ሳበና ፊቱ በራ።

«ይሄ ነው! ይሄው ነው እኮ ያ...» አለና የቀረውን ዋጠው። የሚስቱን ዓይን አየ። ሹክሹክታውን የማይችልበት ሰው ዝምታውንም አልቻለበትም፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«አዎ፣ እሱው ነው» አሉ ጋሽ መዝገብ። «ግድግዳው ነው።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ልታስቀምጣቸው ስትጠጋ አፍንጫዋን ቋጠረች፤ ከዚያ ግራ ገብቷት አየቻቸው። «አባዬ፣ ምንድነው እንዲህ ሳሙና ሳሙና የምትለው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ታጥቤ ነዋ» አሉ። ሊነግሯት አስበው አልነበረም፤ አመለጣቸው።

መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ዓይኗ ከእሳቸው ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ ማእድ ቤቱ ሄዶ ተመለሰ። ርቀቱን ለካችው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ሰምተሃል» አለች። «ሰምተህ ነው... ቀኑን ሙሉ...» ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ያ ሁሉ የሳሙና ሽታ አንጀቷን በላው። «ለምን አልጠየቅከኝም?» አለች እዚያው እንዳለች። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በመጀመሪያው ሳምንት ‘ክፍልህ ይሸታል’ ብትይኝ ኖሮ በአንድ ቀን ባገኘሁት። ይሄ እኮ ሥራዬ ነው!» የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ኩራታቸው ተመልሶ መጣ፤ ሁለቱም አዩት። አማቻቸው ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ። «ተወው» አሉት። «ሸተተህ፤ አልዋሸህም። ለሚስቴ ከምታወራ ለእኔ ብታወራ...» ብለው ተሳሳቱና «ለሚስትህ» ብለው አረሙ። ሦስቱም ሳቁ። በዚያ ቤት እንዲህ የተሳቀበትን ቀን ማንም አያስታውስም።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሃል ነው። ልጃቸው ለካ እስከ ማታ አላስቻላትም፤ ጭንቀቷን ልትገላገል በምሳ ሰዓት ለወንድሟ መልእክት ልካለታለች። አየችው፣ አባቷን አየች፣ እፊታቸው አነሳችው። «እሑድ መጥቼ ልውሰደው?» ይላል የወንድሟ ድምፅ፤ ለሁሉም ይሰማል።

«የትም አይሄድም» አለች። «ግድግዳው ነው።»

«ምኑ?»

«ግድግዳው! ግድግዳው ነው የሸተተው! አባዬ እዚሁ ነው!» ብላ እንባዋን እየጠረገች ጮኸች። ጋሽ መዝገብ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። እፎይ አሉ፤ የተከፈተው መስኮት ጋ የተሰቀለው መጋረጃም እንደ እሳቸው ተነፈሰ።

አማቻቸው ካሳ መክፈል ቸኩሎ ነገ ቀለም ገዝቼ ልቀባው አለ። «አይሆንም» አሉት። «ቁስል ሳይደርቅ ፋሻ አይታሰርም። ሁለት ሳምንት ባዶውን ይድረቅ። ገመዱም ከዚህ ይውጣ፤ ልብሱን በረንዳው ላይ ከጣሪያው ሥር ስጡት። መስኮቱ በየጠዋቱ ይከፈት፤ እኔ ከበረደኝ ካፖርት አለኝ።» እየተናገሩ ሳለ ድምፃቸው የቢሮ ድምፅ ሆነ፤ ሁለቱም ሳያውቁት እንደ በታች ሠራተኛ ቆመው አዳመጧቸው። ቁምሳጥኑን ከቀዝቃዛው የውጭ ግድግዳ አንስተው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እንዲያዞሩት ተወሰነ። አማቻቸው ያን የተረፈ ሳሙና ወለሉ ላይ ፈቅፍቆ ገፋው። እዚያ እንደደረሰ እንደ ልማዱ ሊያጣብቀው ትከሻውን አስደገፈ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ መዝገብ። መዳፋቸውን ዘርግተው ከቁምሳጥኑ ጀርባ አስገቡ፤ ሞከሩ፣ አልሞላም። «ወደ ፊት ሳበው።»

አማቻቸው ወደ መሃል አየ። «አባባ፣ ከዚህ በላይ ከመጣ እኮ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ አይገባም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ከአፋቸው «አይ፣ ይበቃኛል» ከሚል በቀር ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ መዝገብ ልጃቸውን አዩ። «ጠረጴዛው ይውጣ» አሉ።

ልጃቸው ጠረጴዛውን አንስታ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። አማቻቸው ቁምሳጥኑን ሳበው። ጋሽ መዝገብ አውራ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ፣ ትንሿን ጣታቸውን ጥቁሩ እንጨት ላይ አሳረፉ። ስንዝራቸው ሞላ።